የዲከረንሱ ዋግና የላሟ ሰስባኒያ

«ለላሟ ከሆነ ቅርንጫፉ ይበቃታል፤ ሰስባኒያውን ከሥሩ ለመቁረጥ ለምን ይደክማሉ አያ?» አለች መስከረም፣ መኖ የሚቆርጡ መስሏት ልትሸከምላቸው እጇን ዘርግታ።

አያ ሃይለ ሚካኤል መጥረቢያቸውን ተደግፈው ቀና አሉ። «ለላሟ አይደለም። ላጠፋው ነው።»

ቡሬ ሄዳ ግብርና የምትማረው የጎረቤት ልጅ ከጅጋ ገበያ ስትመለስ ነው የደረሰችባቸው። አያ ለከሰል የተከሉት የዲከረንስ ዛፍ ቅጠሉ ቡናማ ዱቄት ለብሶ ሁለት ጥማድ መሬት ሙሉ ቆሞ ደርቋል። ከዚያ ወዲህ እህልም ወሬም አይጥማቸውም። አሁን ደግሞ ጓሯቸውን የከበበውን ሰስባኒያ ጠረጠሩት። ላሟ በጋውን የምትሻገረው በዚያ ቁጥቋጦ ነው።

«ቅጠሉን እይው እስኪ አንች ልጅ። ቁርጥ ዲከረንሱን። ዘመዱን የፈጀ በሽታ እሱን ሊተወው ነው?»

«ዘመድስ ዘመድ ናቸው፤ ግን የሩቅ። ያኔ ስንዴዎን ዋግ ሲመታው፣ ከጎኑ የነበረው በቆሎ ምን ሆነ?»

ዋግን እንደ አያ የሚያውቀው የለም፤ ያወቁት ግን በመማር ሳይሆን በመክሰር ነው።

«በቆሎውስ ደህና ገባ» አሉ።

«ስንዴና በቆሎ ሁለቱም የሣር ወገን ናቸው እኮ። የዲከረንሱም በሽታ የዋግ ዓይነት ነው፤ የሚይዘው የቅርብ ዘመዱን ነው። እኔን የሚያሳስበኝ እነዚያ ናቸው።»

ወደ በሩ አመለከተች። አያ ለጥላ ብለው ሁለት ዓመት ያሳደጓቸው የፈረንጅ ግራሮች ቆመዋል። የዲከረንስ የቅርብ ዘመድ ቢሆኑም ስማቸው ሌላ ስለሆነ ማንም አልጠረጠራቸውም። ጭራሽ ፀሐይ እንዳያቃጥላቸው አያ የደረቀውን የዲከረንስ ቅርንጫፍ አልብሰዋቸዋል፤ በሽተኛውን ከጤነኛው ጋር በአንድ ጋቢ እንደማስተኛት።

መስከረም አንዱን ቅጠል ገልብጣ በጣቷ ጠረገችው። ጣቷ ቡናማ ሆነ። አያ ጣቷን አዩና ግንድ ላይ ተቀመጡ።

«እነዚህን ነቅለው እዚሁ ያቃጥሏቸው» አለች ድምጿን ዝቅ አድርጋ። «ሰስባኒያውን ከጉልበት በላይ እየቆረጡ ይመግቡ፤ ላሟ ወተቷ አይነጥፍም። ደረቁ ዲከረንስ ለማገዶ ይሁን። ከእንግዲህም ማሳውን በአንድ ዛፍ ብቻ አይሙሉት፤ ሌላ በሽታ ቢመጣ የሚተርፍ ይኖርዎታል።»

«እንግዲያ የማጠፋውን ላቆይ፣ የማቆየውን ላጥፋ ነው የምትይኝ።»

«እንዲያ ነው አያ።»

አያ ወገባቸውን ይዘው ተነሡና መጥረቢያቸውን ወደ በሩ መጎተት ጀመሩ።

«ቡሬ ስንልክሽ ድካም ትቀንሽልናለሽ ብለን ነበር።»