የሳጉሬዋ ዘመዴ ኮምፒውተር

ነይ ግቢ ሸዋዬ፣ በሩን መለስ አድርጊው። የጭላሎ ንፋስ ዛሬ ምን ነካው? ከጠዋት ጀምሮ ወረቀቴን ሲበትን ሲበትን... እሰይ፣ ተቀመጪ። እዚያኛው ወንበር ላይ ሳይሆን እዚህ አጠገቤ፤ እዚያ ጥግ እንግዳ አለ፣ ሥራ ላይ ነው፣ አናስቸግረው። በቆጂ ደርሰሽ መጣሽ አሉ? ገብሱ እንዴት ነው? ተወደደ? ምን ያልተወደደ ነገር አለ ብለሽ ነው። ልጆቹስ በዚያ ብርድ አሁንም ይሮጣሉ? አይ እነሱ! ሮጠው ያልባቸዋል፤ ደግ ነው። ቁጭ ብሎ የሚያልበውም አለ... ሁሉም በየሙያው ነው።

መታወቂያ ኮፒ ልታደርጊ ነው? አምጪው። ኮፒ እንኳ እናደርጋለን። የኮፒው ማሽን ለብቻው ነው፣ ከኮምፒውተሩ ጋር አይነጋገርም፣ ስለዚህ ጤነኛ ነው። ሌላውን ግን... ፎርም መሙላቱን፣ ኢሜይሉን፣ ፕሪንቱን፣ ልጄ ሳምራ ማዶ ጎረቤታችን ከሊል ሱቅ ውስጥ ሆና ነው የምትሠራው። ደንበኞቻችንን እያስከተለች አስፋልት ትሻገራለች። እሱም ደግ ጎረቤት ነው፣ ወንበር ሰጥቷታል። እኔ እዚህ ሱቄን እጠብቃለሁ፣ ሱቁም እኔን ይጠብቃል።

ለመሆኑ ሳጉሬ ስላለችው የአክስቴ ልጅ ነግሬሽ አውቃለሁ? አታውቂያትም። እሷም እንደኔ የጽሕፈትና የኮፒ ሱቅ አላት። እሷም እንደኔ ባሏ ሞቶባት ከአንድ ሴት ልጇ ጋር ነው የምትሠራው። ምን ዓይነት አጋጣሚ ነው አይደል? ሻዩ እስኪፈላ የሷን ጉድ ላጫውትሽ።

ኮምፒውተሯ ደህና ነበር። ብቻ ከሰዓት በኋላ ሲሆን ዋይፋዩ ይቆረጥባታል፤ ይቆረጥና ይመለሳል። እንደ መብራቱ፣ እንደ ውሃው... ለምደነው የለ? ታዲያ አንድ ወጣት ብቅ አለ። ከአዲስ አበባ ተመድቦ የመጣ፣ የመንግሥት ሠራተኛ፣ ጫማው የሚያብረቀርቅ። በሳጉሬ ጭቃ ጫማው የሚያብረቀርቅ ሰው አይተሽ ታውቂያለሽ? ኢንጂነር ነው የሚሉት። ልጅቷ ላይም ዐይኑን ጥሏል፣ ምን ልደብቅሽ። «ዋይፋዩን እኔ በነፃ አስተካክልላችኋለሁ» አለ። በነፃ! ነፃ ነገር ምን ያህል እንደሚያስከፍል መቼም አንቺ ነጋዴ ነሽ፣ አልነግርሽም።

ከፍቶ አየውና ራሱን ነቀነቀ። «ችግሩ ከርነሉ ነው» አላት። ከርነል ምን እንደሆነ ታውቂያለሽ? እኔም አላውቅም ነበር... እሷ ነች ያስረዳችኝ። የኮምፒውተሩ የውስጥ አዛዥ ማለት ነው። ዋይፋይ የምትይዘው ደግሞ ውስጥ የተሸጎጠች ትንሽ ካርድ አለች። አዛዡ የካርዷን ቋንቋ አያውቅም፣ ካርዷም የሱን አታውቅም። ገበሬው ደንበኛዬ ቱሳ ከገጠር ሲመጣ ከጤና ጣቢያዋ ነርስ ጋር እንደማነጋግረው በይው፤ እሱ በኦሮምኛ፣ እሷ በአማርኛ፣ እኔ መሀል። እንዲያ መሀል የሚቆመው ነው ድራይቨር የሚባለው። አስተርጓሚ ከሌለ ሁለቱም ጤነኛ ሆነው ተኮራርፈው ይቀመጣሉ። ሁሴኖ እንኳ፣ የአቦምሳው መኪና ሾፌር፣ «ድራይቨር ነው የጠፋው» ሲሉት «እኔ አለሁ፣ የት ልንዳው?» ብሎ አስቆናል... አስቋቸዋል።

እና ኢንጂነሩ ምን አለ? «ይሄ ከርነል የማያስፈልግ ነገር ታጭቆበት ነው የከበደው። እኔ ለዚህ ኮምፒውተር በልኩ አዲስ እሰፋለታለሁ።» እንደ ልብስ ሰፊ! አያምርም? አነጋገሩ እኮ ነው የሚያምረው። ግማሹ እንግሊዝኛ ነው፤ ግማሹ ደግሞ እንግሊዝኛ ሊሆን ትንሽ የቀረው።

ሲሰፋ ታዲያ ኮምፒውተሩ ይጠይቀዋል። ጥያቄው በሺህ የሚቆጠር ነው አሉ። «ይህኛው ድራይቨር ይግባ?» ይለዋል። መልሱ ወይ ይግባ ነው፣ ወይ አይግባ ነው፣ ወይ ደግሞ ደጅ ይቆይና ሲፈለግ ይጠራ ነው። አየሽ፣ ፈረንጅም እንደኛ የሽማግሌ አቀባበል ያውቃል! እኛስ ልጅ ለመጠየቅ የመጣን ሽማግሌ ወዲያው እሺ እንላለን? ወዲያውስ እምቢ እንላለን? «እስቲ እንመካከር፣ ተመለሱ» ነው እንጂ። የጨዋ መልስ ያቺ ነች። ኢንጂነሩ ግን እሷን አልወደዳትም። የሚያውቀው ስም ሲመጣ «ይግባ»፣ የማያውቀው ሲመጣ «አያስፈልግም»። አያስፈልግም... አያስፈልግም... አያስፈልግም... የማያውቁት አገር አይናፍቅም ይባል የለ? እሱ ጭራሽ የማያውቀውን አገር ከካርታው ላይ ፋቀው።

ልጅቷ አጠገቡ ቆማ ታያለች። ነገር ማወቅ ትወዳለች። አንዱን አሳይታ «ይሄ ምንድነው?» አለችው። አላወቀውም። «ካላወቅከው ለምን አያስፈልግም አልክ?» ብትለው፣ ቀና እንኳ ሳይል ምን ቢላት ጥሩ ነው? «ቢያስፈልግ ኖሮ አውቀው ነበር።» እስቲ ሸዋዬ፣ በሆድሽ ድገሚው። ቢያስፈልግ ኖሮ አውቀው ነበር! እንዲህ ያለ በራስ መተማመን በየት ገበያ ይሸጣል? እኔ ይኸው ጸጉሬ ሸብቶ፣ ሱቅ ሳስተዳድር ኖሬ፣ ዛሬም የሻዩን ስኳር ቀምሼ ነው የምጨምረው።

ቀኑን ሙሉ ኮምፒውተሩ እንደ ወፍጮ ሲያጉረመርም ዋለ። ሲነሳ ታዲያ ቀሎት ተነሳ፣ እውነቴን ነው። ምን ያከብደዋል? ያቺ ምስኪን ካርድ ስሟ ስላልታወቀ «አያስፈልግም» ተብላ ቀርታለች። ቱሳ ልጁን ሊያስመዘግብ መጥቶ «ኔትወርክ ሂንጂሩ?» ብሎ ቢጠይቀኝ፣ ሂንጂሩ፣ የለም፣ ከማለት በቀር ምን... የሳጉሬው ቱሳ ማለቴ ነው። ሳጉሬም ቱሳ አለ። ምን ወደ ጥግ ታያለሽ? ተይው ልጁን፣ ጆሮው ላይ ማዳመጫ አድርጓል፣ አይሰማንም። ማዳመጫው የተሰካው ኮምፒውተሩ ላይ ነው፤ ኮምፒውተሩ ደግሞ ድምፅ ከጠፋበት ሰንብቷል፤ የድምፁም ድራይቨር ያን ቀን... ኧረ የሳጉሬው ነው ድምፅ የሌለው! አቀላቀልኩብሽ። ስኳር ልጨምርልሽ?

ከዚያማ ድራይቨሩን ከኢንተርኔት ላውርደው አለ። ኢንተርኔት ለማግኘት መጀመሪያ ኢንተርኔት! ማዶ ካለው ሱቅ በፍላሽ ገልብጦ ይዞ መጣ። ሳጉሬም ማዶ ሱቅ አለ፣ ምን ትገረሚያለሽ? ሰካው። ዝም። አውጥቶ እፍ ብሎ ሰካው። ዝም። ለካ ፍላሹንም ያን ቀን አያስፈልግም ብሎታል! ፕሪንተሩንም። በኬብል ይሞከር ቢባል፣ የኬብሉንም። ሊኩል ብሎ ዓይን አጠፋ የሚሉት እሱን ነው እንዳትይ። እሱ ዓይን ላይ መቼ ቆመ? ጆሮውንም አፍንጫውንም ኳለው እንጂ። አሮጌውንስ ከርነል ለክፉ ቀን አስቀመጠው? «እኔ ወደ ኋላ የማይ ሰው አይደለሁም» ብሎ አጥፍቶታል። ቆራጥ ነው ልጁ።

ትጋቱን ግን መካድ ነውር ነው። ከመሥሪያ ቤት ሲወጣ በቀጥታ እዚያው ነው፤ ይኸው ሦስተኛ ሳምንቱ። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል ይላሉ። የሱም እንቁላል መሄዱንስ ሄዷል፣ ወደ ኋላ ነው እንጂ። ምን ሆነ ሲባል፣ ካርዷ አሮጌ ናት። በማግስቱ መብራቱ ነው። ደግሞ አንድ ቀን የአርሲ ብርድ ነው አለ፤ ውስጡ ያለው ብረት ይኮማተራል! ብርዱ ስንቱን ይቻለው? አንድ ቀን እንኳ፣ አንድ ቀን፣ «እትዬ ጥሩነሽ፣ እኔ ነኝ ያበላሸሁት፣ ይቅርታ» አላለም... እትዬ ማንትስ ማለቴ ነው፣ የሷን ስም የኔ አደረግኩት። ካለመናገር ደጃዝማችነት ይቀራል ይላሉ። እሷን አንዲት ቃል ባለመናገር ደግሞ ከደጃዝማችነት የበለጠ ነገር እንደሚቀር ማን በነገረው።

እስከዚህ ድረስ ስቄያለሁ ሸዋዬ። ኮምፒውተር ዕቃ ነው፣ ይበላሻል፣ ይሠራል። ያላሳቀኝ የቱ እንደሆነ ታውቂያለሽ? ልጅቷ መጠየቅ አቆመች። ያቺ አፍ ከፈታች ጀምሮ «ለምን? ለምን?» እያለች ራስ ስታዞር የኖረች ልጅ፣ አጠገቡ ዝም ብላ ቆማ ስክሪን ታያለች። እናቷ «ሽማግሌዎቹ ለመልስ ሊመጡ ነው፣ ምን ልበላቸው?» ብትላት «እንደወደድሽ እማዬ» አለቻት። እንደወደድሽ! የኔ ልጅ... የሷ ልጅ፣ የጫማ ቀለም እንኳ ከነጋዴው ጋር ተሟግታ የምትገዛ ልጅ፣ ለራሷ ትዳር እንደወደድሽ ትበል? ዝም ያሰኘው ኮምፒውተሩን ብቻ መስሎኝ ስስቅ፣ ለካ ልጄንም ነው።

ልጇን። ልጇን ማለቴ ነው።

አዎ፣ እሱም ሽማግሌ ልኳል። ምን ያስቅሻል? ቀጠሮው እሁድ ነው። እዚህም እሁድ፣ እዚያም እሁድ። እሁድ የሁሉም አይደል? የሽማግሌዎቹ መሪ አቶ ወልደጻድቅ ናቸው... በዚያ ጉልበታቸው ሳጉሬ ድረስ ሄደው ያሸመግላሉ፣ ዕድሜ ይስጣቸው። ሲያሞግሱት ብትሰሚ! «አይጠጣም፣ አያጨስም፣ ዲግሪ አለው፣ ምን ጎድሎት!» አሉ። እውነታቸውን ነው፣ ምንም አይጎድለውም። የሚጎድለው ሰው እኮ ይጠይቃል።

ዘመዴ ምን እንደምትመልስላቸው ጨንቋታል። አንቺ ብትሆኚ ምን ትያለሽ? ደመወዝ አለው። መልክ አለው፣ ጥርሱ ብቻ ያጠግባል። ግን ነገ ልጅቷ ቤቱ ገብታ አንድ ነገር ብትጠይቀው? ጓደኞቿን አያውቃቸውም፣ አያስፈልጉም። ሥራ ልሥራ ብትለው፣ እሱን መች አውቆት? እናትየዋ ሸምግላ ልጠጋችሁ ብትልስ፣ ስሟን አስታውሶ በሩን የሚከፍትላት ይመስልሻል? ከመጠምጠም መማር ይቅደም የሚባለው ድሮ ቀረ። ዛሬ መጀመሪያ ይጠመጠማል፣ ትምህርቱ ሰው ቤት ገብቶ ነው... በሰው ዕቃ፣ በሰው ልጅ።

ቆይ፣ ይሄ ምን ድምፅ ነው? ሲዲው ነው የሚሽከረከረው? የሳጉሬውን ተይው፣ ይሄ የኛው ነው። የኛም ትንሽ አሞት ነበር፣ አልነገርኩሽም። ትናንት ከሊል መደርደሪያውን ሲያጸዳ አንድ አሮጌ ሲዲ አግኝቶ ጥግ ላለው ልጅ ሰጠው፤ ኮምፒውተሩ ሲገዛ የነበረው ያው ከርነል ያለበት። ማንም በልኩ ያልሰፋው፣ የታወቀውም ያልታወቀውም አንድ ላይ የታጨቀበት። ዛሬ መሥሪያ ቤቱን አስፈቅዶ እሱን ነው ከጠዋት ጀምሮ የሚጭነው። የሲዲ ማጫወቻው እንኳ በደህና ቀን በስም ታውቆ ተርፏል፣ ተመስገን ነው።

መጣ? ዋይፋዩ መጣ? እልል በይ ሸዋዬ! እስቲ ስክሪኑን አዙረው ልየው የኔ ልጅ... ይኸውና! ፕሪንተሩም? ድምፁም? ልክ እንደ ድሮው! ከሰዓት በኋላ ሲሆን ይቆረጥና ይመለሳል? ግድ የለም፣ እሱንማ ለምደነዋል። ይህን ያህል ተለፍቶ ነገሩን እንደ ነበረ ማድረግ ደግሞ ቀላል ሙያ አይደለም፤ ብዙዎች እንደ ነበረም አያደርሱትም። ሸዋዬ፣ ውጪና ሳምራን ጥሪያት፣ ደንበኞቿን ይዛ ትምጣ በያት... ወይም ቆይ፣ መጀመሪያ ልመርቀው፣ አንቺም አሜን ትያለሽ።

ና የኔ ልጅ፣ ማዳመጫህን አውልቅና ጠጋ በል። አትፈር፣ ምርቃት ነው። ሦስት ሳምንት ስትለፋልን አንድ ቀን እንኳ ምሳ በወጉ ሳላበላህ... እጅህ ይባረክ። ዕድሜ ከጤና ይስጥህ። እግርህ እንቅፋት አይምታው። ሳምራዬ «ምነው ታላቅ ወንድም በኖረኝ» እያለች ስታዝን ነው ያደገችው፤ ፈጣሪ ግን ሰምቷት ከአዲስ አበባ ድረስ አምጥቶ ሰጣት። እሁድ እንግዶች ስላሉብኝ በጊዜ ና፤ ከጎኔ ተቀምጠህ አብረን እንቀበላቸዋለን፣ የእህትህ ጉዳይ ነው። ለወደፊቱም ደህናው ሰው ሲመጣላት፣ ድንኳኗን ተክለህ፣ እንግዶቿን አስተናግደህ፣ በገዛ እጅህ ድረህ ኩለህ ለወግ ለማዕረግ የምታበቃት ወንድሟ ያድርግህ!

አሜን በል እንጂ፣ የኔ ልጅ።