ከሁለቱም ክፍል ስለጠፋው የሠርግ ፊልም

ምስክር፦ የቪዲዮ ቤቱ ዘበኛ
ዕድሜ፦ ሰባን ያለፈ፣ ልኩን የማያውቅ
አድራሻ፦ ከቪዲዮ ቤቱ ጀርባ፣ ከሴት ልጁ ቤት
ቃል የተሰጠበት፦ ሐሙስ ረፋድ

ብዕሩን የያዘው ፊት ለፊቴ የተቀመጠው ሳጅን ነው፤ ቃሉ ግን የእኔ ነው። መጻፍም ማንበብም አልችልም፤ ዐይኔ ግን ደህና ነው። ታስሮ ያለው የኮምፒውተር ሠራተኛ የልጄ ባል ነው። ወድጄው አላውቅም፤ ይህም ይጻፍ።

ሰኞ ጠዋት የቪዲዮ ቤቱ ባለቤት የሠርጎቹን ፊልም በሙሉ መጠባበቂያ ቅጂ እንዲያደርግለት አማቼን አዘዘው። ቀኑን ሙሉ ይፈጃል ስል ወንበሩ ሳይሞቅ "ጨረስኩ" አለ። ተጠራጥሬ ከኋላው ቆምኩና "ማንን ልታሞኝ ነው?" አልኩት።

"አባባ፣ ዲስኩ አንድ ነው፣ ክፍሉ ግን ሁለት ነው። ፊልሙ ከቦታው አልተነሳም፤ ሁለቱም ክፍል ያንኑ ነው የሚያሳየው። አንዱ ላይ ለውጥ ሲደረግ የተለወጠው ብቻ አዲስ ቦታ ይይዛል" አለኝ። አላመንኩትም።

ለባለቤቱም "ጋሼ፣ አንዱን ቢያጠፉት ቦታ አይለቅም፤ ሁለቱንም ካጠፉ ግን ፊልሙ የለም። ሌላ ዲስክ እስኪመጣ አይንኩት" ሲለው ሰምቻለሁ። ባለቤቱ ስልኩን እየነካካ "እሺ፣ እሺ" አለ።

ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ አማቼ ለቀረጻ ወጥቶ ሳለ ባለቤቱ ኮምፒውተሩ ላይ ተቀመጠ። እሱንም አላምነውምና በሩን ተደግፌ አየሁት። ዲስኩ ሲሞላ የሚቀላ መስመር አለ፤ ያን ለማወቅ ፊደል መቁጠር አያሻም። አንደኛውን ክፍል አጠፋ። መስመሩ እንደቀላ ቀረ። "ምነው ቦታ አልለቀቀም? ለካ የሞላው ያኛው ነው" ብሎ ሁለተኛውንም አጠፋ። መስመሩ ነጣ። ባለቤቱም አብሮ ነጣ።

ወዲያው ደውሎ አማቼን "አንተ ሌባ፣ የሰው ሠርግ የት አደረስከው?" አለው። ዞር ሲል እኔን አየኝና "ማንበብ እንኳ የማትችል ሽማግሌ፣ ምን አየሁ ልትል ነው?" አለኝ። "ፊደል አላውቅም፤ እጅህን ግን አይቼዋለሁ" አልኩት። በማግስቱ አማቼ ተያዘ።

የተናገርኩት ያየሁትንና የሰማሁትን ብቻ ነው፤ የጨመርኩትም የደበቅኩትም የለም። ነገር ግን ይህ ሳጅን ዛሬ ጠዋት ባለቤቱን ትከሻውን ይዞ ሲሸኘው በመስኮት አይቻለሁ። ስለዚህ የጻፈው ሰው አያንብብልኝ፤ በር ላይ የቆመችው ፖሊስ ትግባና ታንብብልኝ። ባለቤቱ በገዛ እጁ ሁለተኛውን ካጠፋበት ትጀምር። ያ ቃል ከሌለ ጣቴ ቀለም አይነካም።

የቃል ተቀባይ ፊርማ፦ አለ
የምስክር የጣት አሻራ፦ ገና