ዘበኞቹን ያስተኛች ክኒን

የጡብ ፋብሪካችንን እሳት አንዳጅ ልጅ ያገኘኋት ሳላስበው ነው። ጠዋት ከግቢያችን ቧንቧ ሥር ተቀምጬ የወንድሜን አንሶላ እያሸሁ ሳለ፣ አባቷን ልትጠይቅ መጥታ በአጠገቤ ስታልፍ ቆም አለች። ሆስፒታል ላቦራቶሪ ውስጥ ነው የምትሠራው፤ የሰው ደምና ዓይነ ምድር በማይክሮስኮፕ ስታይ ትውላለች። እኔ ደግሞ በሆዴ፣ ይህም ሥራ ሆኖ ነው እል ነበር።

«እንደምን አደሩ እትዬ? ማን ታሞ ነው?»

«ማንም።»

«አንሶላው ላይ ያለው ደም ነው።»

«አንቺ ሆስፒታል ከገባሽ ወዲህ ጡቡም ደም ይመስልሻል።»

ፈገግ አለች፤ ግን አልሄደችም። ይኼኔ ነው ወንድሜ ከውስጥ ያሳለው። ሳል ስላችሁ የጉንፋን ሳል እንዳይመስላችሁ፤ ደረቅ እንጨት ጉልበት ላይ ሲሰበር የሚሰማው ዓይነት ነው። ልጅቷ ወደ በሩ ተራመደች። እኔም እጄን ሳላደርቅ ቀድሜያት ደፉ ላይ ቆምኩ።

ለምን እንደቆምኩ ልናገር። ትምህርቴ ሦስተኛ ክፍል ላይ የቀረ ሴት ነኝና የምጽፈው እንደማወራው ነው፤ የማወራው ደግሞ ስለ ራሴ ጥፋት ስለሆነ አላሳምረውም።

የምንኖረው ከጡብ ፋብሪካው ጀርባ በተደረደሩት አሥራ አራት ክፍሎች ውስጥ ነው። አንድ ልማድ ነበረን። ሐኪም መድኃኒት ያዘዘለት ሰው ሲሻለው የተረፈውን አይጥልም፤ ለእኔ ያመጣዋል። እኔ በብስኩት ቆርቆሮ ውስጥ አኖረዋለሁ። ሌላው ሲታመም መልኩን አስታውሼ እሰጠዋለሁ። ቢጫዋ የሆድ ናት፤ ሁለት ቀለም ያላት የጉሮሮ፤ ትንሿ ነጭ ደግሞ ለጎረቤታችን ለልብስ ሰፊው ሚስት ለአስሟ የታዘዘች። በዚህ የተነሳ ግቢው ሁሉ «ዶክተር» ይለኛል። የሚቀልዱ ነበሩ፤ እኔ ግን ቀልዱንም እንደ ሹመት ነበር የምቀበለው።

ወንድሜ ጭቃ ረጋጭ ነው። ቁመቱን አይተው «ምሰሶው» ይሉታል። ሸክላ አፈሩ ውኃ ጠጥቶ ሲላላ፣ እሱ ሱሪውን ጠቅልሎ በባዶ እግሩ ጉድጓዱ ውስጥ ገብቶ ሲረግጥ ይውላል። የግቢው መጸዳጃ ከጉድጓዱ በላይ፣ ዳገቱ ላይ ነው። ዝናብ ሲጥል ምን ወዴት እንደሚወርድ ማናችንም አልጠየቅንም። ለዓመታት ወገቡን ያሳክከዋል፤ ቆዳው ላይ እንደ ክር የቀጠነ ቀይ መስመር ይወጣል፤ ጠዋት እዚህ የታየው ማታ አንድ ስንዝር አልፎ ይገኛል። ሰሞኑን ደግሞ ደረቱ ሲር ሲር ማለት ጀመረ። የልብስ ሰፊውም ሚስት እንዲሁ ነበር ሲር የሚላት። ስለዚህ ነጯን ሰጠሁት፤ በቀን ሦስት ሦስት።

በሁለተኛው ቀን ማሳከኩ ቆመ። በሦስተኛው ደረቱ ጸጥ አለ። ግቢው ጉድ አለ፤ እኔም አንገቴን ቀና አድርጌ ሄድኩ። በዘጠነኛው ቀን ግን ሆዱ ተነፋ፤ ያስመልሰው ጀመር፤ ገላው እንደ ምድጃ ጋለ። በማግስቱ ደም ተፋ። የዚያኑ ጠዋት ነው እንግዲህ ልጅቷ በራችን ላይ የቆመችው።

«ያስገቡኝ እትዬ።»

«ተኝቷል።»

«ሲያስል ሰማሁት እኮ።»

«ተኝቶም ያስላል።»

«ጋሼ ምን መድኃኒት ወሰዱ?»

«ምንም!»

ይህችን ቃል ያዙልኝ፤ እመለስባታለሁ።

ልጅቷ ቀጭን ናት፤ በብብቴ ሥር ሾልካ ገባች። ግንባሩን ዳሰሰች፤ ሸሚዙን ገለጥ አድርጋ መስመሮቹን አየች።

«ጋሼ፣ ይህ ከመቼ ጀምሮ ነው?»

«የድሮ ነው። እንዲያውም ማሳከኩ ትቶኝ ነበር፤ እታለም የሰጠችኝ...» ብሎ ሲጀምር አፈጠጥኩበት። ወንድሜ ጢም ካወጣ በኋላም ዓይኔን ይፈራል።

ልጅቷ ግን ያን ጊዜ ጥግ ላይ ክፍቱን የነበረውን ቆርቆሮ አየችው። ጎንበስ ብላ ነጯን ክኒን በሁለት ጣቷ አነሳች።

«ይቺ ናት?»

«ብትሆንስ? ከዚህ ቆርቆሮ ወስዶ የሞተ የለም!»

«እስካሁን የለም። ስንት ቀን ወሰዱ?»

«ዘጠኝ። ዛሬም ልጨምርለት ነው። አሽሎት ነበር፤ ስላነሰው ነው የተመለሰበት።»

ልጅቷ ቀለሟ ተለወጠ። ድምፅዋን ግን አላነሳችም።

«እትዬ፣ የፋብሪካው ዘበኛ ድንገት ሲጮህ ምን ያደርጋሉ?»

«ሌባ ገባ ብዬ እወጣለሁ። ይህ ከምን መጣ?»

«ሮጠው ዘበኛውን አፉን አይዙትም?»

«አብደሻል እንዴ አንቺ ልጅ?»

«ሰውነትም ዘበኞች አሉት፤ በደም ውስጥ ይዞራሉ። ከጭቃው ውስጥ በዓይን የማይታይ ትል የእግርን ቆዳ ሰርስሮ ይገባል፤ በደም ሳንባ ይደርሳል፤ በጉሮሮ በኩል ተውጦ አንጀት ውስጥ ይቀመጣል። ዘበኞቹ እንደ ሌላው ተውሳክ ሊውጡት አይችሉም፤ ይተልቅባቸዋል። ስለዚህ ይከቡትና የሚያቃጥል ነገር ይረጩበታል። ማሳከኩም፣ መስመሩም፣ ደረታቸው ሲር ማለቱም የዚያ ጠብ ድምፅ ነው። ጨርሰው ባይገድሉትም እንዳይባዛ ያግዱታል። ጋሼ ይህን ሁሉ ዓመት የቆሙት በእነሱ ነው። ይቺ ክኒን ግን ዘበኞቹን ታስተኛለች።»

ሳልወድ እጄን ቆርቆሮው ላይ ጫንኩ። ክርክር መሸነፍ አልወድም፤ ከልጅ ጋር ሲሆን ደግሞ ይብስብኛል።

«የልብስ ሰፊው ሚስት በዚችው አይደል እንዴ የዳነችው? መርዝ ከሆነ እሷን ለምን አልገደላትም?»

«መርዝ አላልኩም። የእሳቸው ዘበኞች ሌባ በሌለበት፣ አቧራ ባዩ ቁጥር ይጮሃሉ። እነሱን ማብረድ ተገቢ ነው። የጋሼ ዘበኞች ግን ሌባውን አንቀው ይዘውት ነበር።»

«ድምፁ እኮ አንድ ነው!»

«አንድ ነው። ሌባ መኖር አለመኖሩ የሚታወቀው ገብተው ሲያዩ ነው። እኔ ቀኑን ሙሉ የማየው እሱን ነው።»

«አምና የትል ክኒንም ሰጥቼዋለሁ፤ አንዲት።»

«የቱን ትል ብለው? ይህ በእንደዚያ ያለች አንዲት ክኒን የሚሞት አይደለም። ብዙዎቹ የሆድ ትሎች እንቁላላቸው ከሰው ጋር ይወጣል፤ ይህኛው ግን እዚያው ውስጥ ይፈለፈላል። ዘበኛ ሲተኛ ሳንባውንም አንጀቱንም ይወርራል፤ የአንጀትን ጀርም ይዞ ደም ውስጥ ይገባል። ትኩሳቱ ከዚያ ይመስለኛል።»

«ይመስለኛል ነው የምትይው! ገና አላየሽም አይደል?»

«አላየሁም። ልሳሳት እችላለሁ። ስለዚህ ነው ልይ የምለው። እርስዎ ግን ሳያዩ ነው የሰጡት።»

ወንድሜ ዓይኑን ሳይገልጥ «እታለም፣ እንሂድ» አለኝ። ያን ያህል ደክሞ አይቼው አላውቅም።

«እሺ፣ ይሂድ» አልኩ። «ግን የቆርቆሮውን ነገር እንዳታነሺ። ሰው ፊት እንዳታዋርጂኝ።»

«ለሐኪሙ ካልተነገረማ መሄዱ ምን ይጠቅማል? ወይ እርስዎ ይናገሩ፣ ወይ እኔ እናገራለሁ።»

ነጮቹን ክኒኖች በመሐረብ ጠቅልዬ ደረቴ ውስጥ ከተትኩ። ለማሳየት ይሁን ለመደበቅ ያን ጊዜ ራሴም አላውቅም ነበር።

በጡብ መኪና ወሰድነው። የልብስ ሰፊው ሚስት ጭንቅላቱን ጭኗ ላይ አስደግፋ አብራን ሄደች። ሆስፒታል እንደደረስን ልጅቷ ወንድሜ የተፋውን በዕቃ ተቀብላ «መጣሁ፤ እትዬ፣ ይንገሯቸው» ብላ ወደ ላቦራቶሪው ሮጠች። ድንገተኛ ክፍል ገባን። ወጣት ሐኪም ደረቱን አዳመጠ።

«አስም አለበት?»

«ሲር ሲር ይለው ነበር» አልኩ። እውነት ነው፤ ግን እውነቱ ሁሉ አይደለም።

ሐኪሙ ወደ ነርሷ ዞሮ «መርፌውን አዘጋጂ፤ ደረቱን እናብርድለት» አላት።

የልብስ ሰፊው ሚስት በጆሮዬ «አይዞሽ፣ አውቀዋለሁ። እኔንም ሲብስብኝ እሱን ነው የሚወጉኝ። ከነጯ ክኒን ጋር አንድ ዘር ነው ብለውኛል» አለችኝ።

እጄ ደረቴ ውስጥ ወዳለው መሐረብ ሄደ።

ሐኪሙ ጎንበስ ብሎ ወንድሜን ጠየቀው። «ወንድሜ፣ እዚህ ከመምጣትህ በፊት የወሰድከው መድኃኒት አለ?»

ወንድሜ በጭንቅ ወደ እኔ አየ። ከዚያ፣ «ምንም» አለ።

ያቺ የእኔ ቃል ነበረች። ጠዋት በር ላይ የተናገርኳትን ሰምቶ፣ እኔ እንዳልዋረድ ብሎ በዚያ ሁኔታው ደገማት። ነርሷ መርፌውን ይዛ ተጠጋች። የልብስ ሰፊው ሚስት አጠገቤ ናት፤ ነገ ግቢው ሁሉ ይሰማል። «ዶክተር» መባሌ እዚያው ወለል ላይ ሲቀር ታየኝ።

«ቁሚ!» ብዬ ነርሷ ላይ ጮህኩ። «ይዋሻል! ለእኔ ብሎ ነው የሚዋሸው። ዘበኞቹን ያስተኛኋቸው እኔ ነኝ!»

«የምን ዘበኞች?» አለ ሐኪሙ።

መሐረቡን ፈትቼ ክኒኖቹን እጁ ላይ አፈሰስኩለት። ዘጠኝ ቀን፣ ሦስት ሦስት አልኩት። ማሳከኩንም፣ መስመሩንም፣ ባዶ እግሩንም፣ ቆርቆሮዬንም ነገርኩት። የልብስ ሰፊው ሚስት እጇን አፏ ላይ ጫነች። ሐኪሙ አልተቆጣኝም፤ በእጁ ምልክት ነርሷን መለሳትና «እንኳን ተናገርሽ እናቴ» ብቻ አለኝ። ወዲያው ያቺ ልጅ እየሮጠች ገባች። «ዶክተር፣ አክታው ትል በትል ነው!»

ትሉን የሚገድለው መድኃኒት ተሰጠው፤ እንደ አምናው አንድ ጊዜ ብቻ አይደለም፤ ምርመራው ንጹሕ እስኪሆን በየቀኑ ነው። ደሙ ውስጥ ለገባው ጀርም ሌላ መድኃኒት በደም ሥሩ ገባለት። የነጯን ነገር ሐኪሙ ራሱ ያዘው፤ ብዙ ቀን ከተወሰደች በኋላ እሷን ማቆምም በሐኪም ነው አለኝ። አራት ቀን በሞትና በሕይወት መካከል ነበር። በአምስተኛው ትኩሳቱ ወረደ።

ልጅቷ በማይክሮስኮፑ እንዳይ ጠራችኝ። ጠጋ ብዬ አንድ ዓይኔን ጨፈንኩ። መጀመሪያ ቁራጭ ክር መሰለኝ። ክሩ ተገላበጠ። ሌላም ተገላበጠ። ወደ ኋላ ስል ወንበር ጣልኩ።

«ይህን ይዞ ነው ጭቃ ሲረግጥ የኖረው?»

«አዎ እትዬ። ብቻቸውን ደግሞ አይመስሉኝም።»

ብቻውንም አልነበረም። ከግቢያችን ሰው ሁሉ ዓይነ ምድር ሲመረመር፣ አንዳንዱም አንድ ጊዜ አልታይ ብሎ ሦስቴ ሲደገም፣ አሥራ አንድ ሰው ላይ ተገኘ። ሁሉም የሚገባውን መድኃኒት በሚገባው ልክ ወሰደ፤ ለነገ ብሎ ያስተረፈ የለም። መጸዳጃው ከጉድጓዱ በታች ወዳለው ሜዳ ተዛወረ። ጭቃ ረጋጮች ቦቲ ጫማ አድርገዋል፤ ሳምንት ሙሉ እንደ ዳክዬ ስትሄዱ ብለን ሳቅንባቸው፤ አሁን የሚስቅ የለም። ወገቡን ሲያክክ የሚያድር ሰው ጠዋት ሥራ አይገባም ነበር፤ አሁን ይገባል። ከታከሙት መካከል ፊታቸው ገርጥቶ የነበረው ሴቶችም ቀለማቸው ተመልሷል። እኔም ሰው ሲያሳክከው «ዝም አሰኘው» አልልም፤ «ማን ገብቶብህ ነው? ተመርመር» እላለሁ።

ወንድሜ ከወጣ በኋላ አንድ ቀን ደጃፍ ተቀምጦ ቦቲውን እየጠረገ፣ «እውነቱን ለመናገር ግን እታለም፣ ያቺ ክኒን ሳምንት ያህል ጥሩ አድርጋ አስተኝታኝ ነበር» አለኝ።

«አዎ» አልኩት፤ «አንተንም ዘበኞችህንም።»

ያደረ ክኒን ሁሉ ለሆስፒታሉ ፋርማሲ ተመልሷል። ቆርቆሮዬን ግን አልጣልኩትም። አሁን ከላቦራቶሪው የተሰጡኝን ባዶ የምርመራ ዕቃዎች አኖርበታለሁ፤ የታመመ ሲመጣ አንዷን አውጥቼ እሰጠዋለሁ። አንዳንዱ ያፍራል፤ አንዳንዱ «ዶክተር፣ ድሮ ክኒን ነበር የምትሰጪን፤ አሁንማ ይህን ሞልታችሁ አምጡ ሆነ?» ብሎ ይስቅብኛል።

«ሞልተህ ና» እለዋለሁ። «እኔ አላውቅም፤ የምታይልህ አለች።»