የጠማው ሽምብራ

በደርግ ጊዜ ነው። ድርቅ የሚችል የሽምብራ ዘር እፈልግ ነበር። ጉለሌ፣ ግቢያችን ውስጥ ልዩ ልዩ ዝርያ በየጣሳው ዘራሁና ጥም የሚችለው የትኛው እንደሆነ ለማወቅ ውሃ ከለከልኳቸው። አንድ ቀን ጠዋት ብወጣ አፈሩ ርሷል። ከወሎ ድርቅ ሸሽተው የመጡት ጎረቤቴ እትዬ ዘሃራ ጆግ ይዘው ቆመዋል።

«ምነው እትዬ፣ ይሄን ሁሉ ልፋቴን?» አልኳቸው።

«ሲጠወልግ እያየሁ ማለፍ አቃተኝ፤ በአገሬ ያየሁት ይበቃኛል» አሉኝ።

ንዴቴ በረደ። ዞር ብዬ ሳይ ግን አንዱ ጣሳ ደረቅ ነው። «ይሄንንስ ለምን ተዉት?»

«እሱማ መች ጠማው? ቅጠሉን እየው እስቲ።»

ጎንበስ ብዬ አየሁት። እውነታቸውን ነው፣ ቅጠሉ አልጠወለገም። በዚያ ዓመት ለዘር ያስቀመጥኩት የእሱን ፍሬ ብቻ ነው።