ደብሪቱ በአዲሱ እትም

ያኔ ሠላሳ ሁለት ዓመቴ ነበር። ከወግዲ ወደ መካነ ሰላም በሚሄደው ሚኒባስ፣ ከአክስቴ ጎን ሁለት ተማሪዎች ሃያ ቁጥር ባለው ዳይስ ስለሚጫወቱት የጀግኖች ጨዋታ ይከራከሩ ነበር።

«ደብሪቱ አልሞተችም!» አለች ልጅቷ። «አዲሱ የጨዋታው ሕግ እትም የወደቀ ጀግና ዳይስ ይጣልለት፤ ከዐሥር በላይ ከመጣ ይነሣ ይላል።»

«የሞተችው በአሮጌው ሕግ ነው» አላት ልጁ።

«ሦስት ዓመት ያሳደግኳትን ጀግና!»

«ወላሂ፣ የቀብሯን ንፍሮ በልተናል እኮ!»

«አንተ ነህ የበላኸው! እኔ መች ቀመስኩ?»

«እሺ፣ ጣይ። ካልተነሣች ግን ሁለተኛ ስሟን እንዳታነሺ።»

ልጅቷ ዳይሱን አውጥታ ለአክስቴ ዘረጋችላት።

«እማማ፣ እርስዎ ይጣሉልኝ።»

«ምን ላይ ልጄ?»

«ደብተሬ ላይ።»

አክስቴ «ቢስሚላህ» ብላ ጣለች።

«ዐሥራ አራት!» ብሎ ጮኸ ልጁ ራሱ።

አክስቴ ልጅቷን አቅፋ እስክንወርድ አልለቀቀቻትም።