በክኒን ፖስታ የተሸጠው አረንጓዴ ሻይ

የምስክር ቃል መቀበያ

የምስክር ስም፦ ሱንዱስ ኢርፋን ፈርሀት
ዕድሜ፦ 24 ጾታ፦ ሴት
አድራሻ፦ አዲስ ከተማ ክፍለ ከተማ፣ ከአንዋር መስጊድ ጀርባ፣ ከወላጆቿ ጋር የምትኖር
የትምህርት ደረጃ፦ በምግብ ሳይንስ የመጀመሪያ ዲግሪ
ሥራ፦ በቅመማ ቅመም ሱቅ ውስጥ የተፈጥሮ ምግቦች ሻጭ
ቃሉ የተሰጠበት ቀንና ሰዓት፦ ሐሙስ የካቲት 6 ቀን 2017 ዓ.ም.፣ ከጠዋቱ 3፡20
ቃሉን የተቀበለው፦ ዋና ሳጅን ማስረሻ አለሙ
የቀረበችበት ሁኔታ፦ ሳትጠራ፣ በራሷ ፈቃድ

"አረንጓዴ ሻይ እውነት ግፊት ያወርዳል ወይ?" ሳጅን ማስረሻ ቃሌን መቀበል ሲጀምሩ መጀመሪያ የጠየቁኝ ይህንን ነው። ጥያቄው አዲስ አልሆነብኝም። ባለፉት አምስት ወራት ሱቃችን ደጃፍ የቆመ ሰው ሁሉ ጠይቆኛል፤ እናቴም ጠይቃኛለች። መልሱ፣ በትንሹ ሊረዳ ይችላል፣ ሐኪም ያዘዘውን መድኃኒት ግን አይተካም የሚል ነው። ይህንን ያን ጊዜም አውቀው ነበር። ለሟች ለጋሼ ጓንጉል ደምመላሽ የነገርኳቸው ግን ግማሹን ብቻ ነው። የቀረውን ግማሽ ዛሬ ለፖሊስ ልናገር መጥቻለሁ።

በ2015 ዓ.ም. ክረምት ተመርቄ አንድ ዓመት ከሁለት ወር ሥራ ፈልጌያለሁ። ማስታወቂያ ሰሌዳ ሥር ቆሜ ስልክ ቁጥር ስገለብጥ የዋልኩበት ቀን ብዙ ነው። መስከረም 2017 ላይ የአባቴን ጓደኛ ጋሼ ሀያቱ ሙናዊርን ለመንኳቸው። ጋሼ ሀያቱ ከአንዋር መስጊድ ጀርባ ቅመም መሸጥ ከጀመሩ ሠላሳ ዓመት ያለፋቸው ነጋዴ ናቸው። የሱቅዎን የግራ ጎን ቢሰጡኝ በተፈጥሮ ምግብ እሞላዋለሁ፣ ሰው ወደ ተፈጥሮ እየተመለሰ ነው አልኳቸው። "የእኔ በርበሬስ የፋብሪካ ልጅ ነው እንዴ?" ብለው ሳቁብኝ፤ ጎኑን ግን ሰጡኝ። ጥቁር አዝሙድ፣ የተልባ ዱቄት፣ የሽፈራው ቅጠል፣ ያልተበረዘ ማርና ከደቡብ ምዕራብ በጆንያ የሚመጣ አረንጓዴ ሻይ አስገባሁ።

ነጭ ገዋንም አሰፋሁ። ገዋኑ ለንጽሕና ነበር፤ ዩኒቨርሲቲ የተማርነው እንደዚያ ነው። አትክልት ተራ የሚሠሩት ተሸካሚዎች ግን ሳምንት ሳይሞላ "ዶክተር" ይሉኝ ጀመር። መጀመሪያ ላይ እያረምኳቸው ነበር። ዶክተር አይደለሁም ስላቸው፣ ግድ የለም ትሆኛለሽ ይሉኛል። በኋላ ማረሙን ተውኩት። ያን ሁሉ ጊዜ ሥራ አጥቼ ለከረምኩት ለእኔ ስሙ ደስ ይለኝ ነበር። ይህም እንዲጻፍልኝ እፈልጋለሁ።

ፖስታው የመጣው ኅዳር ውስጥ ነው። እስከዚያ ድረስ ሻዩን በላስቲክ እየቋጠርን ነበር የምንሸጠው። አንድ ማተሚያ ቤት ክኒን የሚታሸግበት ነጭ የወረቀት ፖስታ ታዞ፣ ያዘዘው ሳይወስደው እንደቀረ ሰማሁና ሄጄ አየሁት። ፊቱ ላይ የምትወጣ ፀሐይ፣ አናት ላይ የደረሰች ፀሐይና ጨረቃ ተስለውበታል፤ ከየሥዕሉ ሥር ስንት እንደሚወሰድ የሚሞላበት ባዶ ቦታ አለው። ደንበኞቼ በየቀኑ እንዴት ነው የምንወስደው እያሉ ስለሚጠይቁኝ፣ ለማያነበው ሰው ጭምር መላ ያገኘሁ መሰለኝ። ካርቶኑን እንዳለ ይዤ ተመለስኩ። ጋሼ ሀያቱ አንዱን አንስተው ገልበጥ ገልበጥ አድርገው አዩት። "ልጄ፣ ይሄ የበሽተኛ ዕቃ ነው። ሻይ ደግሞ የጤነኛ ነው" አሉኝ። እኔም ዘመኑ የማሸጊያ ነው፣ ሰው መጀመሪያ የሚገዛው ዓይኑ ያየውን ነው ብዬ ሞገትኳቸው። እናንተ የተማራችሁት ታውቃላችሁ ብለው ተዉኝ። ከዚያ ቀን ጀምሮ በእያንዳንዱ ፖስታ ላይ ከምትወጣዋ ፀሐይ ሥር አንድ ጭረት፣ ከጨረቃዋ ሥር አንድ ጭረት በሰማያዊ እስክሪብቶ ሳሰምር የነበርኩት እኔ ነኝ። ጋሼ ሀያቱ በአንዱም ፖስታ ላይ እጃቸውን አላሳረፉም።

ሟች ወደ ሱቃችን የመጡት ማክሰኞ ጥር 6 ቀን ረፋድ አራት ሰዓት ገደማ ነው። ዕድሜያቸው ወደ ስልሳ የሚጠጋ፣ ከወሎ መጥተው አትክልት ተራ በሸክም የኖሩ ሰው ነበሩ። ማንበብ እንደማይችሉ ያወቅኩት በኋላ ነው። አብሯቸው የሚሠራው ሃብታሙ ይዟቸው መጥቶ "ዶክተር፣ ለሣርሽ ፍየል አመጣሁልሽ" አለኝ። ጋሼ ጓንጉልም ቅጠሉን አሽትተው፣ እኔ እንኳ ፍየል ሳለሁ እንዲህ ያለ ድርቆሽ አልቀረበልኝም ብለው ሁላችንንም አሳቁን። ከዚያ ሃብታሙ ዘወር እስኪል ጠብቀው፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው "ለግፊትስ ይሆናል?" ሲሉ ጠየቁኝ።

"አዎ ጋሼ፣ ጥሩ ነው" አልኳቸው።

ቀጥዬ ክኒን ይወስዱ እንደሆነ ልጠይቃቸው ነበር። ጥያቄው አፌ ላይ ደርሶ ነበር። በዚያው ቅጽበት አንዲት ሴትዮ ማሩን ከፍተሽ አቅምሺኝ አሉ፣ ከኋላ ደግሞ ጋሪ የሚገፋ ሰው መንገድ ልቀቁ እያለ መጣ። ጋሼ ጓንጉል ፖስታውን ከእኔ፣ ከልጃቸው እኩያ፣ በሁለት እጃቸው ተቀብለው፣ እግዜር ይስጥሽ ዶክተርዬ ብለው ሄዱ። ሻይ በሁለት እጁ የተቀበለኝ ሽማግሌ ከዚያ በፊት አላጋጠመኝም። ለምን እንደሆነ አልጠረጠርኩም።

ከዚያ በኋላ በየማክሰኞው ይመጡ ነበር። በሁለተኛው ሳምንት ፊታቸው ፈክቶ አየሁ። ሸክሜን አስቀምጬ ግድግዳ ፍለጋ መሮጥ ቀረልኝ፣ ሣርሽ ፈወሰኝ እያሉ ለጓደኞቻቸው ሲናገሩ እኔም አብሬ ሳቅኩ። ሻይ ሽንት እንደሚያበዛ እንጂ እንደማይቀንስ የመጀመሪያ ዓመት ተማሪ ያውቃል። እንዴት ቀነሰልዎ ብዬ ብጠይቃቸው ኖሮ፣ የተዉት ነገር እንዳለ፣ እሱም ሽንት የሚያበዛው የግፊት ክኒናቸው እንደሆነ ይነግሩኝ ነበር። አልጠየቅኩም። በዚያ ሰሞን የማስበው ለረመዳን ስለማስገባው ቴምርና ሀብተ ጊዮርጊስ ድልድይ አካባቢ ስለምከፍተው ሁለተኛ ሱቅ ነበር። እሳቸውን ያየኋቸው እንደ ማስታወቂያዬ ነው።

ማክሰኞ የካቲት 4 ቀን ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ተኩል ላይ ሻይ እያሸግሁ ሳለ ሃብታሙ እየሮጠ መጣ። "ዶክተር፣ ድረሽ፣ ጓንጉል ወደቀ" አለኝ። በኋላ እንደነገረኝ፣ ቦታው ላይ አምቡላንስ ይጠራ ያሉ ሰዎች ነበሩ፤ እሱ ግን የራሳችን ዶክተር እዚሁ እያለች ብሎ ወደ እኔ ሮጠ። እስከ ሀብተ ጊዮርጊስ ድልድይ ድረስ ተያይዘን ሮጥን። የተሸከሙት ጆንያ ተፈትቶ ሽንኩርቱ አስፋልቱ ላይ ተበትኗል፣ ታክሲዎች ቆመዋል። ገዋኔን ያዩ ሰዎች፣ ዶክተር መጣች፣ አሳልፏት እያሉ መንገድ ከፈቱልኝ።

ጋሼ ጓንጉል በጎናቸው ተኝተዋል። አፋቸው ወደ አንድ ወገን ተጣሟል፣ ግራ እጃቸው አይንቀሳቀስም። ዓይናቸው ግን እኔ ላይ ነበር፤ ያወቁኝ ይመስለኛል። ተንበርክኬ እጃቸውን ያዝኩ። ከዚያ በኋላ ምን እንደሚደረግ አላውቅም ነበር። የከበበን ሰው ሁሉ ይጠብቀኛል።

"ዶክተር አይደለሁም" አልኩ። የሰማኝ አልነበረም፤ ጮክ ብዬ ደገምኩት። ያን ጊዜ አንድ የሚኒባስ ሹፌር፣ ታዲያ ምን ቆመሽ ታስቆሚናለሽ ብሎ በሩን በረገደው። ሃብታሙና ሌሎች ሁለት ተሸካሚዎች፣ የሰው ዕቃ ሲሸከሙ የኖሩትን ሰው ተሸክመው አስገቧቸው። ሆስፒታል ደርሰን፣ ከቀኑ ሰባት ሰዓት ላይ ሕይወታቸው አለፈ። ሐኪሙ በግፊት ምክንያት ጭንቅላታቸው ውስጥ ደም መፍሰሱን ነገረን።

ባለቤታቸውን እትዬ ሸዋርካብሽን ያገኘኋቸው ሆስፒታሉ ግቢ ውስጥ፣ መሬት ላይ ተቀምጠው ነው። ማን እንደሆንኩ ነገርኳቸው። ይሰድቡኛል ብዬ ነበር። እሳቸው ግን ከነጠላቸው ጫፍ ቋጠሮ ፈትተው ሁለት ፖስታ አወጡ። አንዱ ከጤና ጣቢያ የተሰጣቸው ነው፤ ክኒኑ እንዳለ አለ። ሌላው የእኔ ነው፤ ባዶ። ሁለቱም ነጭ ናቸው፣ ሁለቱም ላይ ያቺው ፀሐይና ያቺው ጨረቃ አሉ፣ ሁለቱም ላይ በሰማያዊ እስክሪብቶ ጭረት አለ። የእኔን የሞላሁት እኔው ሆኜ፣ ሁለቱም ባዶ ቢሆኑ ኖሮ አልለያቸውም ነበር።

"ሁለቱንም ውሰድ ስለው፣ ሁለት ሐኪም ባንድ ጊዜ አያክመኝም ብሎ ያንቺን መረጠ" አሉኝ እትዬ ሸዋርካብሽ። ከዚያም፣ "ያኛው ተቆጥቶት ነበር። አንቺ ስቀሽ ነው የሰጠሽው" አሉ።

በዚያው ዕለት ከሰዓት በኋላ ሻዩ የተበላሸ ወይም ባዕድ ነገር የተቀላቀለበት እንደሆነ እንዲመረመር ፖሊሶች ናሙና ወስደው ሱቁን አሸጉት። እኔ ከሆስፒታል ስመለስ ጋሼ ሀያቱን ይዘዋቸው እየወጡ ነበር። ማን ሸጠ ተብለው ሲጠየቁ፣ ሱቁ የእኔ ነው፣ የሸጥኩትም እኔ ነኝ ብለዋል። ልናገር ስል በዓይናቸው ከለከሉኝ፤ ለአባትሽ ሰላምታ አድርሺልኝ፣ ሌላ ነገር እንዳትናገሪ አሉኝ። እኔም ፈርቼ ዝም አልኩ። ትናንት ረቡዕ እዚህ ጣቢያ ምሳ ይዤላቸው ስመጣ፣ "ገና ልጅ ነሽ፤ ለዚች ሥራ ስንት ዓመት ተንከራተሽ። እኔ ከዚህ በኋላ ምን ይቀርብኛል?" አሉኝ። ጋሼ ሀያቱ የስኳር ሕመምተኛ ናቸው። ባለቤታቸው ከምሳው ጋር ክኒናቸውን ልከውላቸው ነበር፤ ከፌስታሉ ሳወጣው በዚያው ዓይነት ነጭ ፖስታ ነበር የታሸገው። እሳቸውም አይተውት፣ እኔንም አይተውኝ፣ ኪሳቸው ከተቱት። ዛሬ የመጣሁት በዚህ ምክንያት ነው።

ሻዩ ንጹሕ ነው፤ እርጥበቱን ለክቻለሁ፣ ከዚያው ጆንያ በየቀኑ ስጠጣ ነበር። ጋሼ ሀያቱ ፖስታውን ተቃውመዋል። ፖስታውን የመረጥኩት፣ ጭረቱን ያሰመርኩት፣ ለግፊት ጥሩ ነው ያልኩት፣ ዶክተር ስባል ዝም ያልኩት እኔ ነኝ። ሳጅን ማስረሻ ይህ ቃል ከምስክርነት አውጥቶ ተጠርጣሪ ሊያደርገኝ እንደሚችል አስረድተውኛል፤ ውሃ አስመጥተውልኝ እንዳስብበትም ጊዜ ሰጥተውኛል። አስቤበታለሁ፤ ቃሌን አልለውጥም። የምጠይቀው ጋሼ ሀያቱ እንዲለቀቁ ነው።

አንድ ሌላ ጉዳይ አለኝ። ሁለት መቶ የሚጠጋ ፖስታ በእጄ ወጥቷል። የገዙኝን ሰዎች በመልክ እንጂ በስም አላውቃቸውም፤ ከመካከላቸው ስንቱ ክኒኑን እንደተወ አላውቅም። ከዚህ ቃል ጋር ያያያዝኩት ወረቀት በታሸገው ሱቅ በርና በአትክልት ተራ መግቢያ እንዲለጠፍልኝ ፖሊስን እለምናለሁ።

ይህንን ሳጅን ማስረሻ ጽፈው መልሰው አንብበውልኛል። "ሟች በራሳቸው ስሕተት መድኃኒት አቋርጠው" የሚለውን አሰርዤ "በእኔ ምክንያት" አስብዬዋለሁ። የቀረው ሁሉ ከአፌ እንደወጣ ነው። ያየሁትንና ያደረግሁትን እንጂ ያልሆነ ነገር አልጨመርኩም፤ ሐሰት ቢገኝበት በሕግ ልጠየቅበት ፈርሜያለሁ።

የምስክር ፊርማ፦ ሱንዱስ ኢርፋን
ቃሉን የተቀበለው ፊርማ፦ ዋና ሳጅን ማስረሻ አለሙ

በምስክሯ ጥያቄ የተያያዘ፦

ከእኔ ከሱንዱስ በነጭ ፖስታ አረንጓዴ ሻይ የገዛችሁ ሁሉ። እኔ ዶክተር አይደለሁም። ፖስታው ላይ ያሉት ፀሐይና ጨረቃ የሐኪም ትእዛዝ አይደሉም። ክኒናችሁን ትታችሁ ከሆነ ዛሬውኑ ጤና ጣቢያ ሂዱ። ከዚያ ከሱቁ በር በላይ በተጻፈው ስልክ ደውሉልኝ፤ ልትሰድቡኝም ቢሆን ደውሉ። እኔ ባላነሳ እናቴ ታነሳዋለች። ጋሼ ጓንጉል ይህንን ወረቀት ቢያገኙት ማንበብ አይችሉም ነበር። ስለዚህ አንተ ቆመህ የምታነበው፣ አንቺም፣ አጠገባችሁ ሸክሙን ያሳረፈ ሰው ካለ ጮክ ብላችሁ አንብቡለት። ክኒን ትወስዳለህ ወይ ብላችሁም ጠይቁልኝ፤ መልሱንም ንገሩኝ።