መቅደስ ያልነቀለችው የድንበር ድንጋይ

ትምህርቴ ሰባተኛ ክፍል ላይ ቢቆምም፣ ሰፈራችን ሴቻ ውስጥ ተከራክሬ ያልረታሁት ሰው የለም። ሙዝ የምሸጠው ሚኒባስ መቆሚያው አጠገብ ስለሆነ የዞኑ መሥሪያ ቤት ሠራተኞች ሁሉ ያውቁኛል፤ ዋጋ ሊከራከሩ መጥተው ኪሎ ጨምረው የሚሄዱ አሉ። ስለዚህ ባለፈው ጥቅምት አጎታችን ጋሼ ደግነት ከዘመዶቻችን መንደር ከኦቾሎ በመጣ አይሱዙ ወርደው በሙዜ ፊት ሲያልፉ ሳይ፣ ዛሬ ተራው የእሳቸው ነው አልኩ።

"እህትሽ እንዴት ሆነች?" አሉኝ ገና ሰላምታውን ሳንጨርስ።

"አልተሻላትም ጋሼ። ከቤት አትወጣም።"

"ይዣት ልሄድ ነው የመጣሁት። ሽማግሌዎቹ ነገ ይጠብቋታል።"

እህቴ መቅደስ ከታች ሲቀላ ሰፈር ልብስ መደብር ተቀጥራ ትሠራ ነበር። ከክረምት ወዲህ ግን ሚኒባሱ ከሴቻ ቁልቁል መውረድ ሲጀምር ልቧ ይደልቃል፣ እጇ ይደነዝዛል፣ ትንፋሽ ያጥራታል፤ ሞትኩ አውርዱኝ ትላለች። ልቧ ተመርምሮ ደህና ነው ተባለ። ሐኪሙ የጭንቀት ሕመም ነው፣ ሆስፒታል የአእምሮ ጤና ክፍል ሂጂ ብሎ ሪፈር ጻፈላት። እብድ ይሉኛል ብላ ቀረች። ዘመዶቻችን ደግሞ ጎሜ ነው አሉ። ጎሜ ማለት ሰው ክልክል የሆነ ነገር ሲያደርግ የሚከተለው መዘዝ ነው፤ በሽማግሌ ፊት ጥፋቱን ካልተናገረ አይለቀውም ይባላል። መቅደስ መስከረም ላይ ኦቾሎ ወጥታ ተናገረች፤ የተለወጠ ነገር የለም። አሠሪዋ ፈይሩዝም "ወይ ታክመሽ ተመለሺ፣ ወይ ሌላ ሰው ልቅጠር" ብላ ቁርጡን ነግራታለች።

"ይቀመጡ ጋሼ፣ ሙዝ ይብሉ" አልኳቸው። "ለመሆኑ ጎሜ ከሆነ መስከረም ላይ ስትናገር ለምን አልለቀቃትም?"

"የደበቀችው አለ ማለት ነዋ።"

"ሐኪሙ እኮ የጭንቀት ሕመም ነው ብሏል።"

"ጭንቀት በሽታ ነው እንዴ? እኔ ዝናብ ሲቀር እጨነቃለሁ። ሸማኔው ክር ሲወደድበት ይጨነቃል። ሁላችንም ሆስፒታል እንግባ?"

"እርስዎ ሲጨነቁ እርሻዎን ትተው ይተኛሉ?"

"አልተኛም።"

"እሷ ተኝታለች። ልዩነቱ እሱ ነው።"

እዚህ ላይ ረታሁ ብዬ ወደ ገዢዎቼ ቀና አልኩ። ጋሼ ሙዛቸውን በእርጋታ እየላጡ፣

"እሺ፣ እዚያ ክፍል ምን ያደርጓታል?" አሉ።

"መርፌ ይወጓታላ።"

"የት?"

"ጭንቅላቷ አካባቢ... መሰለኝ።"

ሙዝ ሊገዙ የቆሙት ሳቁ። ጋሼ አልሳቁም።

"ገብተሽ አይተሻል?"

"አላየሁም።"

"የገባ ሰው ታውቂያለሽ?"

"አላውቅም።"

"እንግዲያው እኔ የማውቀውን ይዤ ልሂድ፤ አንቺ በማታውቂው አትድከሚ" ብለው ወደ ቤታችን መንገድ ጀመሩ። ሙዙን ለጎረቤቴ አደራ ብዬ ተከተልኳቸው፤ ተረትቼ መቅረቱ አልዋጥልኝ ብሎ ነው።

መቅደስ ግድግዳ ተደግፋ ተቀምጣ አገኘናት። ጋሼ አጠገቧ ተቀመጡና፣ "ልጄ፣ ያስቀረሽው ካለ ለእኔ ንገሪኝ" አሏት።

"የማውቀውን ሁሉ ተናግሬያለሁ ጋሼ። ግን ሌላም ይኖር ይሆናል። ሳስበው ሁሉም ነገር የእኔ ጥፋት ይመስለኛል። ሰሞኑን የጎረቤት ዶሮ ስትሞት እንኳ እኔ ነኝ እንዴ የገደልኳት ብያለሁ።"

"ለሽማግሌዎቹ 'በልጅነቴ የድንበር ድንጋይ ነቅያለሁ' ያልሽውስ?"

"ነቅዬ ይሆናል ብዬ ነው።"

"ይሆናል?"

"ነቅዬ ከሆነስ ብዬ ፈራሁ። ሽማግሌዎቹ ዝም ብለው ሲጠብቁኝ ልቤ መምታት ጀመረ። የሆነ ነገር ብናገር የሚለቀኝ መሰለኝ።"

 

"ነቀልኩ ያልሽበት ማሳ የእኔ ነው" አሉ ጋሼ። "አንቺ ከሄድሽ በኋላ ድንበሩን ሄጄ አየሁት። ድንጋዮቹ አባቴ እንዳቆማቸው ናቸው፤ አንዱም አልተነካ። ለሽማግሌዎቹ ግን አልነገርኩም። ነገሩ በዚያው ይለፍላት ብዬ ነው።"

"ጋሼ፣ ያልሠሩትን ሠራሁ ማለት ይፈቀዳል?" አልኳቸው። አሁን ለመርታት አልነበረም፤ ማወቅ ፈልጌ ነው።

"አይፈቀድም። በሽማግሌ ፊት ያልሆነውን ሆነ ማለት ራሱ ጎሜ ነው። ዛሬ ብወስዳት ሌላ ጨምራ ትናገራለች። ውሸታም ሆና አይደለም፤ የሚያናግራት ፍርሃቱ ነው። በፍርሃት ላይ ደግሞ ዕርቅ አይቆምም።" ወደ መቅደስ ዞሩ። "ሐኪሙ የት ሂጂ ነው ያለሽ?"

"እብድ ይሉኛል ጋሼ።"

"አብሬሽ እገባለሁ። የሚሉትን ለሁለታችንም ይበሉ።"

መቅደስ ሚኒባስ አልሳፈርም ስላለች ወደ ሆስፒታሉ በእግር ወረድን። የአእምሮ ጤና ባለሙያዋ ሲስተር ዘቢደር ትባላለች። መርፌ አላነሣችም፤ ጠየቀች፣ አዳመጠች። ቀጥላም እንዲህ አለች፦

"መቅደስ፣ ሰውነትሽ አደጋ ሳይኖር አደጋ መጣ ብሎ ይነሣል። ያስፈራል እንጂ አይገድልሽም። ከሚኒባሱ በወረድሽ ቁጥር ግን ፍርሃቱ 'በመውረዷ ነው የተረፈችው' ይላል፤ በሚቀጥለው ይብሳል። ስለዚህ መጀመሪያ ከዘመድ ጋር ትንሽ መንገድ ትሄጃለሽ፤ ልብሽ ሲመታም ተቀምጠሽ ትቆያለሽ፤ በራሱ ይበርዳል። በየሳምንቱ እየመጣሽ እንነጋገራለን። መድኃኒት የሚያስፈልገው ሰው አለ፤ ያንቺን እያየን እንወስናለን።"

"ጸሎቱስ? ምርቃቱስ?" አሉ ጋሼ።

"ማን ከለከለ አባቴ? ጥፋትሽን ፈልጊ አትበሏት ብቻ።"

ጋሼ እኛ ጋ ሰንብተው አብረዋት በሚኒባስ ተመላለሱ። መጀመሪያ እጃቸውን ጨብጣ፣ በኋላ እሳቸው ከኋላ ወንበር ሆነው፣ በመጨረሻ ብቻዋን። ገና ሲደርስ መቅደስ መደብሩ ተመልሳ ነበር። ልቧ አንዳንዴ ዛሬም ይመታል፤ እሷ ግን አትወርድም። ጋሼም ኦቾሎ ሲመለሱ ለሽማግሌዎቹ የድንበሩን እውነት ተናገሩ። አሁን የታመመ ሲመጣላቸው ጥፋቱን ከመጠየቃቸው በፊት "ሐኪም አይቶሃል?" ይላሉ አሉ።

እንግዲህ አንባቢዬ፣ ልብህ በከንቱ የሚደልቅ ከሆነ አትደብቀው። ጤና ጣቢያ ሂድ፤ ወደሚያክምህ ባለሙያ ይልኩሃል። ያ ክፍል የእብድ መዝጊያ አይደለም፤ ሰው ገብቶ ተነጋግሮ ወደ ሥራው የሚመለስበት ነው። በጊዜ የሄደ እንጀራውን ያተርፋል፣ ቤተሰቡንም ያሳርፋል። ሪፈሩን ይዞ ቤት የተቀመጠ ግን በሽታው ላይ ሐፍረት ጨመረ እንጂ ሌላ ያተረፈው የለም።

ይህን ጽፌ ለመቅደስ አነበብኩላትና፣ "ያን ቀን ጋሼን ይዤ ባልከራከር ይሄኔ ኦቾሎ ነበርሽ። ለሲስተር ዘቢደር ስለ እኔ ነግረሻታል?" አልኳት።

"ነግሬያታለሁ።"

"ምን ብለሽ?"

"የሚያስጨንቁሽን ነገሮች ጥሪልኝ ስትለኝ፣ ከሚኒባሱ ቀጥሎ አንቺን ጠራሁ።"